ኑግና ሜጭ፦ የተዘራውን ከዱሩ የመለየት ጥያቄ

ከመስከረም እስከ ኅዳር በጎጃም፣ በሸዋና በወለጋ የሚታየው ቢጫ ሁሉ የአንድ ተክል አበባ አይደለም። አደይ አበባ ቀድሞ ይፈካል። ሜጭ በአዝመራ መካከል፣ በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር ይከተላል። ኑግ ደግሞ የተዘራበትን መሬት ሞልቶ ያብባል። ሦስቱም ከአንድ ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው፤ ሱፍም፣ በከተማ ግቢ የሚተከለው ማሪጎልድም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። አደይ አበባን ነጥሎ ማውጣት አያስቸግርም፤ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ነው። የኑግና የሜጭ ቅጠል ግን ሳይከፋፈል የረዘመ፣ ከግንዱ ጋር ያለ እጀታ የተያያዘ ነው። ከባዱ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ኑግ የሚዘራ ገበሬ ሜጭን ገና ሲያየው ያውቀዋል፤ ነቅሎም ይጥለዋል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን በሁለቱ ዝምድና ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተከራክረዋል። በክርክሩ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበዋል። ሁለቱን በዓይን የሚለያቸው ምንድን ነው? ኑግ የወጣው ከሜጭ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ዘመድ አለበት? ከረጅም ዘመን እርሻ በኋላስ ኑግ ብዙ የዱር ጠባዩን ይዞ ለምን ቀረ? የመጀመሪያው በአብዛኛው ተመልሷል። ሁለተኛው መልስ ሊያገኝ ተቃርቧል። ሦስተኛው እንደተከፈተ ነው። ብዙ ጽሑፎች ሦስቱን እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚያዩአቸው የአንዱ ማስረጃ ለሌላው ሲጠቀስ ይገኛል፤ ውዥንብሩም ከዚያ ይመጣል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአመዳደቡ ታሪክ

የታላቁ ሊኔየስ ልጅ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ኑግን በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባ ፖሊምኒያ ከሚባሉ የአሜሪካ ተክሎች ወገን ደመረው። ፈረንሳዊው ካሲኒ በ1829 ከዚያ አውጥቶ ለብቻው አቆመውና ወገኑን በአገሩ ታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ በጊዞ ስም ጊዞሺያ ብሎ ሰየመው። ኑግ እስካሁን የሚጠራው በዚሁ ነው፤ ጊዞሺያ አቢሲኒካ። ሜጭ ደግሞ ሺምፔሪ የሚል ስም ያገኘው ለብዙ ዓመታት በትግራይ ኖሮ ዕፅዋት በመሰብሰብ ወደ አውሮፓ ይልክ ከነበረው ከጀርመናዊው ሺምፐር ነው።

ወገኑ በሙሉ በአንድ ሥራ የተመረመረው ዴንማርካዊቷ ዬተ ባጎ በ1974 ባሳተመችው ጥናት ነው። ባጎ ስድስት ዝርያዎችን ለየች። ሁሉም አፍሪካውያን ናቸው፤ አምስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ፤ ስድስተኛዋ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ በምድር የምትሳብ ናት። ከአምስቱ አንዱ ኑግ ነው። አርቦረሰንስ ቁጥቋጦ ነው። ዛቫታሪ በደቡብ ኢትዮጵያ በሜጋ አካባቢና በሰሜን ኬንያ ይበቅላል። ቪሎሳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። አምስተኛው ስካብራ ነው፤ ባጎ ይህን በሁለት ንዑስ ዝርያ ከፈለችው። አንዱ ለዓመታት የሚቆይ፣ ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ምዕራብና ደቡባዊ አፍሪካ የተስፋፋው ነው። ሌላው በየዓመቱ ከፍሬ የሚበቅለው ሜጭ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ይነሣል። ባጎ ሜጭን ከስካብራ ሥር አስገባችው፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ የኑግ አባት ሊሆን የሚችለው ሜጭ እንደሆነ ገመተች። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ሲቆሙ አይመቻቹም። ሜጭ የኑግ ወላጅ ከሆነ ለኑግ መቅረብ አለበት፤ ታዲያ የስካብራ ክፍል ተብሎ እንዴት ይቆማል?

በዓይን የሚታየው ልዩነት

አስተማማኙ ምልክት ፍሬው ነው። የኑግ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ግራም ይመዝናል። የሜጭ ፍሬ አጠር ያለና ቀጭን ነው። ይህ ለሳይንቲስቱም ለአውድማውም ይጠቅማል፤ ዓይኑ በተስተካከለ ወንፊት ሲነፋ የሜጭ ፍሬ በብዛት ወደ ታች ይወርዳል። ተረቱ ከኑግ የተገኘውን ሰሊጥ አብሮ ያስወቅጠዋል፤ በማሳና በአውድማ ግን ለኑግ ከሰሊጥ ይልቅ የሚቀርበው የሜጭ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምልክት የአበባውን ራስ ከሥር የሚያቅፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው። በኑግ ላይ የውጭዎቹ አምስቱ ሰፋፊና እንቁላል መሰል ናቸው። በሜጭ ላይ ጠበብ ይላሉ። ተክሉ ገና ፍሬ ሳይቋጥር ለመለየት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ሆኖም አንዱን አበባ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ተክል ላይ ብዙ አበቦችን ማየት ያስፈልጋል።

የአበባው ራስ መጠን በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። የኑግ ይበልጣል፤ ግን በለም መሬት ላይ ያደገ ሜጭ በጭንጫ ላይ ከቀጨጨ ኑግ ሊበልጥ ይችላል። የቢጫዎቹ ምላሶች ቁጥር ደግሞ ምንም አይረዳም፤ በሁለቱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት አካባቢ ነው። የቅጠሉ ሻካራነትም እንዲሁ። ስካብራ የተባለው በሻካራነቱ ቢሆንም የኑግም ቅጠልና ግንድ ጸጉር አለው፤ በጣት ዳስሶ መፍረድ ያሳስታል። ቁመትማ በአፈሩ፣ በዝናቡና በዘሩ መጠጋጋት ስለሚለዋወጥ ከነጭራሹ መተው አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለጥያቄው ሁሉ መሠረት ነው። ኑግንና ሜጭን የሚለየው የምልክቶች ጥርቅም ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት የመጠን ጉዳይ ነው። ሜጭ ላይ ያለ፣ ኑግ ላይ ፈጽሞ የሌለ አንድ አካል የለም። ገበሬው የማይሳሳተው ሁሉንም ባንድ ላይ ስለሚያይ ነው፤ የተዘራበትን ቀን፣ የበቀለበትን መሥመር፣ ያበበበትን ጊዜ ከቅርጹ ጋር አዳምሮ ይፈርዳል። የደረቀ ናሙና በወረቀት ላይ ተለጥፎ የሚደርሰው ተመራማሪ ይህ ሁሉ ይጎድለዋል።

በአንድ ማሳ አራት ዓይነት

«የዱር» እና «የእርሻ» የሚለው ክፍፍል ራሱ ጠባብ ነው። በአንድ የኑግ ማሳ ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ተክል ሊቆም ይችላል። አንደኛው የተዘራው ኑግ ነው። እርሱም ቢሆን አንድ አይደለም፤ ገበሬው በመድረሻ ጊዜው አባት ኑግ፣ ቡንኝ ኑግና መስኖ ኑግ ብሎ ይለየዋል፤ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ፎገራና ኩዩ ያሉት የተሻሻሉ ዘሮችም አሉ። ሁለተኛው ወፍ ዘራሽ ነው፤ አምና ከረገፈ ፍሬ ሳይዘሩት የበቀለ ኑግ። ሦስተኛው በማሳው ውስጥ እንደ አረም የሚኖረው ሜጭ ነው። አራተኛው የኑግና የሜጭ ዲቃላ ነው።

ወፍ ዘራሹ ኑግ በደሙ ሙሉ በሙሉ የእርሻ ነው፤ በኑሮው ግን አረም ሆኗል። ማንም ሰው ስላልዘራው ብቻ የዱር ብሎ የመዘገበ ሰብሳቢ በሁለቱ መካከል የሌለ መሸጋገሪያ ይፈጥራል። የማሳው ሜጭ ደግሞ የዱር ተክል ይባላል እንጂ ኑሮው ሁሉ ከማረሻ ጋር የተያያዘ ነው፤ በየዓመቱ መሬቱ ሲገለበጥ ይበቅላል፤ ከአዝመራው ጋር ያብባል፤ ከአጨዳው በፊት ይረግፋል። የዱር፣ የአረምና የእርሻ የሚሉት ሦስቱ ስሞች ተክሉ የሚኖርበትን ሁኔታ ይናገራሉ፤ ዝርያውን አይናገሩም። ይህ ልዩነት በብዙ ጽሑፎች ላይ ተድበስብሶ ያልፋል።

ዲቃላው እንዴት ሊገኝ እንደሚችል ግልጽ ነው። ኑግ ከራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይይዝም፤ ከሌላ ተክል ሊመጣለት ይገባል፤ አመላላሿም በዋናነት ንብ ናት። ሜጭና ኑግ በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ሲያብቡ ንቦች ሁለቱንም ይቀስማሉ፤ በጥቅምትና በኅዳር በብዙ አካባቢ የሚቆረጠው ማር የሁለቱም ነው። ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ግን መቀላቀሉ በእርግጥ በብዛት ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ በዚህ ላይ ኋላ እንመለሳለን።

ወላጁ ማን ነው?

የትውልዱ ክርክር በሦስት ዓይነት ማስረጃ ተካሂዷል፤ በመልክ፣ በማዳቀልና በዲኤንኤ።

የባጎ ግምት በመልክ ላይ የቆመ ነበር። ህንዳውያኑ ሂሬማትና ሙርቲ በ1988፣ ቀጥሎም ከባልደረባቸው ጋር በ1993 ጥያቄውን ወደ ማዳቀል አመጡት። የወገኑ ዝርያዎች ሁሉ 30 ክሮሞዞም አላቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይለይም። ዋናው ነገር ዲቃላው ውስጥ ክሮሞዞሞቹ እንዴት እንደሚጣመሩ ነው። ኑግ ከሜጭ ሲዳቀል 15 ጥንዶች ሆነው በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ዲቃላውም በሚገባ ያፈራል። ከሌሎቹ ዘመዶች ጋር ሲዳቀል ፍሬያማነቱ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ክፍሌ ዳኜ በ1990ዎቹ ይህንኑ በሰፊው አጥንቶ የክሮሞዞሞቹን ቅርጽ አነጻጽሯል፤ በተሰበሰቡበት ቦታ ስም የጠራቸው፣ ከባጎ ስድስት ዝርያዎች በአንዱም በቀላሉ የማይገቡ ሁለት የጊዞሺያ ዓይነቶችም መኖራቸውን አሳይቷል።

ይህ ውጤት ሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። መዳቀል የሚችሉትን ሁሉ አንድ ዝርያ የሚል ሰው፣ ኑግና ሜጭ አንድ ዝርያ ናቸው ይላል። በመልክና በኑሮ ተለያይተው የሚቆሙትን ሁለት የሚል ደግሞ ሁለትነታቸውን ያጸናል። ማስረጃው ለሁለቱም ያው ነው፤ የተለያየው ዝርያ ስለሚባለው ነገር ያላቸው አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ማንም የላብራቶሪ ሥራ አይፈታውም፤ ለየትኛው ጉዳይ ስም እንደሚያስፈልግ ወስኖ ከመምረጥ በቀር።

ዲኤንኤ የፈታው ሌላውን ነው። እንዳሻው በቀለ፣ ሙላቱ ገለታ፣ ክፍሌ ዳኜና ሌሎች በ2007 ያወጡት፣ ከዚያም ሙላቱና ባልደረቦቹ በክሎሮፕላስት ላይ በ2010 ያሳተሙት ሥራ ኑግን፣ ስካብራን፣ ሜጭንና ቪሎሳን የቅርብ ዘመዶች አድርጎ፣ አርቦረሰንስንና ዛቫታሪን ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ሜጭ በስካብራ ሥር እንደ ንዑስ ዝርያ መቆየቱም ያኔ ተጠየቀ፤ ራሱን ችሎ በዝርያ ደረጃ ይቁም የሚለው ሐሳብ ድጋፍ አገኘ። በእኔ ግምት ትክክለኛው እርሱ ነው። ሜጭ ለኑግ ቅርብ ሆኖ ሳለ ከስካብራ ሥር ማኖር ስሙ ዝምድናውን እንዲደብቅ ማድረግ ነው፤ ለዘር አሻሻዩም ለዘር ባንኩም የሚያስፈልገው ዝምድናውን የሚናገር ስም ነው።

የቪሎሳ ቅርበት ግን ነገሩን እንደገና ያወሳስበዋል። ከአንድ ወላጅ ይልቅ በርካታ ዘመዶች ለኑግ ደም አዋጥተው ይሆን? መቅረብ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ በትውልድ፣ ወይም ከትውልዱ በኋላ በተደረገ መቀላቀል። ሁለቱም በዲኤንኤው ላይ ተመሳሳይ አሻራ ሊተዉ ይችላሉ። ክሎሮፕላስቱ ደግሞ በአብዛኛው በእናት በኩል ብቻ ስለሚተላለፍ የታሪኩን ግማሽ ይናገራል። ሜጭ ዋናው ወላጅ ነው የሚለው ዛሬ ጠንካራው አቋም ነው፤ ብቸኛው ወላጅ ነው የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም።

ዕድሜውስ?

ኑግ በኢትዮጵያ ደጋ ለእርሻ መዋሉን የሚጠራጠር የለም፤ የዱር ዘመዶቹ ሁሉ አፍሪካ ውስጥ ናቸው፤ ብዝኃነቱም በዚሁ ነው። ቫቪሎቭ በ1927 አገሪቱን ዞሮ የሰብሎች መነሻ ካላቸው ማዕከላት አንዷ አድርጎ ሲመድባት ኑግ ከምስክሮቹ አንዱ ነበር። መቼ እንደተጀመረ ግን ማስረጃው ቀጭን ነው። በአክሱም በተደረገ ቁፋሮ የኑግ ቅሪት ከተልባና ከሌሎች ሰብሎች ጋር ተገኝቷል፤ ያ ግን የሚናገረው በዚያ ዘመን ኑግ መኖሩን እንጂ መጀመሪያውን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት ከዳጉሳ ጋር ወደ ህንድ ተሻገረ የሚለው በየጽሑፉ የሚደጋገም ዓረፍተ ነገር ከግምት አያልፍም።

ኑግ ለምን ዱርነቱን አልተወም?

የዛሬው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ኑግን «በከፊል ብቻ የለመደ ሰብል» የሚሉት ተመራማሪዎች የሚያነጻጽሩት ከሱፍ ጋር ነው። የሱፍ አንድ ግንድ አንድ ትልቅ ራስ፣ ትላልቅ ፍሬዎች አሉት፤ ባንድ ጊዜም ይደርሳል። ኑግ ቅርንጫፉና የአበባው ራስ ብዙ፣ ፍሬው ትንሽ ነው። ለረጅም ጊዜ ያብባል፤ የታችኛው ሲደርስ የላይኛው ገና ያብባል። የደረሰውም ይረግፋል። ለዚህ ነው ገበሬው ተክሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አጭዶ በክምር የሚያደርቀው።

ለዚህ ሁለት የቆዩ ማብራሪያዎች ነበሩ። አንዱ፣ ሜጭ በየዓመቱ እየተዳቀለ የገበሬውን ምርጫ ያፈርስበታል የሚል ነው። ሌላው፣ የኑግ ጠባያት እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ሲያሻሽሉ ሌላው ይበላሻል፤ ፍሬውን ሲያተልቁ የአበባው ራስ ቁጥር ይቀንሳል የሚል ነው። ዴምፐዎልፍና ባልደረቦቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱንም ፈተኑ። ኑግንና ሜጭን በአንድ ቦታ አብቅለው ለኩ፤ ማይክሮሳተላይት በሚባሉ የዲኤንኤ ምልክቶችም መረመሩ። ከአንድ የተክል ሕዝብ በቀር የቅርብ ጊዜ መቀላቀል ጎልቶ አልታየም፤ በፍሬው ክብደትና በአበባው ራስ ቁጥር ወይም መጠን መካከል ያለው ትስስርም በጣም ደካማ ሆነ። ሁለቱም ማብራሪያዎች ወደቁ ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ በምትኩ ያቀረቡት ሐሳብ፣ የጥንት ገበሬዎች ከፍሬው ትልቅነት ይልቅ ድርቅንና እንክብካቤ ማጣትን መቋቋምን መርጠው ሊሆን ይችላል የሚል ነው፤ በሌላ ተክል ዱቄት ብቻ ማፍራቱም ለውጡን አዘግይቶት ሊሆን እንደሚችል ጨምረዋል።

ለመጀመሪያው ማብራሪያ መውደቅ ሌላም ደጋፊ አለ፤ በሚገባው መጠን ሲጠቀስ ግን አይታይም። ህንድ ውስጥ ሜጭ የለም፤ የጊዞሺያ የዱር ዘመድ አንድም የለም። የህንድ ኑግ ከኢትዮጵያው አጠር ይላል፤ ፈጥኖም ይደርሳል፤ ስለዚህ ከተለያዩ ቆይተዋል። ሆኖም ያም ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ያም ይረግፋል፤ ፍሬውም ትንሽ ነው። ሜጭ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ፣ ሜጭ በሌለበት አገር ብዙ ትውልድ የተዘራው ኑግ ተለውጦ ባገኘነው ነበር።

ይኸው የህንድ ጉዳይ የገበሬ ምርጫ ነው የሚለውንም ሐሳብ ይፈትናል። የሁለት አገር ገበሬዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ምርጫ አደረጉ እንበል? ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም አገር ኑግ የሚሰጠው ለሌላ እህል የማይመች መሬት ነው። በኢትዮጵያ ውሃ የሚቋጥር መረሬ ላይ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ብዙ ሳይታረም ፍሬ ይሰጣል። ግን ምክንያቱ የተክሉ የራሱ አረባብም ሊሆን ይችላል። ከራሱ የማያፈራ ተክል ላይ አንድ ጥሩ ጠባይ ያለውን መርጦ መዝራት ያን ጠባይ አያጸናም፤ በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ ሱፍም በጥንት ዘመን ከራሱ የማያፈራ ሆኖ ሳለ መለወጡ ግን ማመዛዘኑን ያከብደዋል።

«በከፊል የለመደ» የሚለው አጠራርም መታረም የሚያስፈልገው ይመስለኛል። ሱፍን መለኪያ አድርጎ ኑግን ጎዶሎ ማለት፣ ኑግ የተሰጠውን ሥራ ሳያዩ መፍረድ ነው። ለረጅም ጊዜ ከአገሪቱ የቅባት እህል ምርት ግማሽ ያህሉን የሰጠ፣ ከፍሬው ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘይት የሚገኝበት፣ የጾም ቀናትን ማዕድ የቀባ ሰብል ነው። ገበሬውን ያላጎደለበት ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ መርገፉ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ በሄክታር የሚገኘውም ጥቂት ኩንታል ነው።

የቀሩት ጉዳዮች

ከተግባሩ በኩል የቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ሜጭ ከኑግ ጋር ያለችግር ስለሚዳቀል ለዘር አሻሻዮች የቅርብ ጎተራ ነው፤ በሽታንና ተባይን የሚቋቋም ጠባይ ቢገኝበት ወደ ኑግ ማሸጋገር አያስቸግርም። በ1976 የተመሠረተው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በማቀዝቀዣው ብዙ መቶ የኑግ ናሙናዎችን ይዟል፤ ለሜጭና ለቪሎሳም በየአካባቢው የተሰበሰበ፣ ወፍ ዘራሹን ከእውነተኛው ሜጭ የለየ ስብስብ ያስፈልጋል። ናሙናው ሲወሰድ ተክሉ የቆመው በማሳ ውስጥ፣ በድንበር ላይ ወይስ ከእርሻ ርቆ እንደሆነ ካልተጻፈ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

ከሳይንሱ በኩል ደግሞ እስካሁን በአግባቡ ያልተነካ አንድ ጥያቄ አለ። ሜጭ የኑግ ወላጅ ነው ስንል፣ የምናውቀው ሜጭ በታረሰና በተረበሸ መሬት ላይ የሚኖረው ነው። ማረሻ ከመምጣቱ በፊት የት ይኖር ነበር? ጎርፍ በሚገለብጠው የወንዝ ዳር ነው፣ ከብት በሚረግጠው ጨፌ ነው፣ ወይስ የዛሬው የማሳ ሜጭ ራሱ ከኑግ ጋር አብሮ በእርሻ የተቀረጸ፣ ከእውነተኛው ወላጅ የራቀ ተክል ነው? የመጨረሻው እውነት ከሆነ እስካሁን ኑግን ያነጻጸርነው ከወላጁ ጋር ሳይሆን ከወንድሙ ጋር ነው። ይህን የሚፈታው ከማሳ ርቀው፣ በደጋ ሣር ሜዳዎችና በወንዝ ዳርቻዎች የሚበቅሉ ሕዝቦችን ሰብስቦ ከማሳው ሜጭ ጋር ጎን ለጎን መመርመር ነው፤ እነዚያ ሜዳዎች ደግሞ በየዓመቱ እየታረሱ ነው።